የኒጀር ግማሽ የሆነው አጋዴዝ፦ በካርታ ላይ ነጭ አድርጌ ልተወው?

አባ ካርታ፦
እንዴት ሰነበታችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ለትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክበብ የምዕራብ አፍሪካን የሕዝብ አሰፋፈር በትልቅ ወረቀት እየሣልኩ ነው። ልጆቹ አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው የበዛበትን ክልል ጠቆር ባለ ቡናማ፣ ሰው የሳሳበትን ነጣ ባለ ቀለም እሞላለሁ። ጋና፣ ቤኒን፣ ናይጄሪያ አላስቸገሩኝም። ኒጀር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ዋና ከተማዋን ኒያሜን ጨምሮ ኒጀር ስምንት ክልሎች አሏት። ከስምንቱ አንዱ አጋዴዝ ብቻውን 667,799 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአገሪቱ ግማሽ ያልፋል። ከኢትዮጵያ ጋር ሳስተያየው የአገራችንን ስድስት አሥረኛ ያህላል። በ2012 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተገኘበት ሕዝብ ግን 487,620 ነው። አገሪቱ በጠቅላላ ያን ጊዜ 17,138,707 ሰው ነበራት። ከግማሽ በላይ በሆነው መሬት ላይ ከመቶው ሦስት ሰው እንኳ አልኖረም ማለት ነው። በደቡብ ናይጄሪያን የሚያዋስነው ማራዲ 41,796 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 3.4 ሚሊዮን ሰው ይዟል።

ሲካፈል ማራዲ በካሬ ኪሎ ሜትር 81 ሰው ይደርሰዋል፤ አጋዴዝ 0.73። በቀለሜ ደንብ አጋዴዝ ነጭ ነው። ነጭ አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ራቅ ብዬ አየሁትና ልቤ አልተቀበለውም። ልጆቹ "እዚያ ሰው የለም" የሚል ትምህርት ይዘው ነው የሚወጡት። ስለ አካባቢው የምታውቁ ካላችሁ፣ ነጭ ልተወው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እጅህ መቆሙ ጥሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፤ ያን 0.73 የሚባል ሰው ግን አንድም ቦታ አታገኘውም። አጋዴዝ ውስጥ ወይ ሰው አለ ወይ ጭራሽ የለም። አማካዩ ሁለቱን ቀላቅሎ የትም የሌለ ነገር ይሰጥሃል።

መሬቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሦስት ክፈለው። በምዕራብ በኩል ኢንጋል የምትገኝበት ለጥ ያለ የሸክላ አፈር ሜዳ አለ። መሬቱም ውኃውም ጨው ያዘለ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ የሚበቅለው ሣር ለከብት መድኃኒት ነው ይላሉ። በመስከረም አካባቢ ከሩቅ ከደቡብ ሳይቀር ቱዋሬጎችና ፉላኒዎች መንጋቸውን እየነዱ ይሰበሰቡበታል። ፈረንሳዮቹ "የጨው ሕክምና" ብለው የሰየሙት ትልቁ የአርብቶ አደሮች በዓል የሚከበረው እዚያ ነው። ሠርግ ይሠረጋል፣ ግመል ይጋልባል፣ ከብት ይሸጣል። ዝናቡ ሲያልቅ ይበተናሉ። አሁን ንገረኝ፣ ኢንጋልን በየትኛው ወር ቀለም ነው የምትቀባት?

መካከሉ የአይር ተራሮች ናቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋሉ፤ ከፊሉ እሳተ ገሞራ የሠራው ጥቁር ድንጋይ ነው። የኒጀር ከፍተኛው ቦታ በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ያለው የባግዛን ተራራ ሲሆን 2,022 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ ሲታይ ከእግራችን በታች ነው። ቢሆንም በዙሪያው ካለው በረሃ ቀና ማለቱ ብቻ ጥቂት ዝናብ ያስገኝለታል። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ሲወርድ "ኮሪ" የሚሏቸው ደረቅ የወንዝ አልጋዎች በአንድ ሌሊት ይሞላሉ፤ ጎርፉ አልፎ ውኃው ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ያን ውኃ በጉድጓድ እያወጣ አትክልት ያጠጣል። ቲሚያ ላይ ቴምር፣ ብርቱካንና ሮማን አለ። ታቤሎት በሽንኩርቷ የታወቀች ናት። "በረሃ" ብለን በአንድ ቃል የምናልፈው ቦታ ነው እንግዲህ።

ምሥራቁ ቴኔሬ ነው። ቃሉ ራሱ በቱዋሬጎቹ ቋንቋ በረሃ ማለት ነው። እዚያ ነጩ ቀለምህ እውነት ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትሮች አሸዋ ብቻ። ግን ያን አቋርጠህ ስትዘልቅ ካዋር የሚባል ረጅም ገደል ታገኛለህ፤ ከገደሉ ሥር ከሰሜን ወደ ደቡብ ውኃ ይወጣል። ዲርኩ፣ ቢልማ የሚባሉት ከተሞች በዚያ ውኃ ላይ እንደ ዶቃ የተሰኩ ናቸው። ቢልማ ላይ በዓመት የሚዘንበው 20 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሕይወቱ ከላይ ሳይሆን ከሥር የሚመጣ ነው።

ኩርንችት፦
አባ ካርታ፣ ስፋቱን አንዳንድ ቦታ 634,209 ተብሎ ነው ያየሁት። የትኛው ነው ትክክል?

አባ ካርታ፦
እኔም ሁለቱንም አይቻለሁ ወንድሜ። የኒጀር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበትን 667,799 ወሰድኩ። በየትኛውም ቢሆን የአገሪቱ ግማሽ መሆኑ አይቀርም። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የኢንጋሉን ጥያቄዎን ይዤ እያሰብኩ ነው።

ሰብለ ዘወለቴ፦
እኔ ያልገባኝ አስተዳደሩ ነው። "ክልል" ስትሉ እንደ እኛ የራሱ ምክር ቤትና ርእሰ መስተዳድር፣ የራሱ የሥራ ቋንቋ ያለው ነው? ቱዋሬጎቹ ናቸው የሚያስተዳድሩት?

ጡረተኛው መምህር፦
አይደለም ልጄ። ኒጀር አሐዳዊ አገር ናት፤ የክልሉን ገዥ ማዕከላዊው መንግሥት ይሾመዋል። ከክልሉ በታች ዲፓርትመንቶች፣ ከዚያ በታች ኮሚዩኖች አሉ፤ እንደ ዞንና ወረዳ አድርገሽ አስቢያቸው። አጋዴዝ አርሊት፣ አደርቢሲናት፣ ቢልማ፣ ኢንጋል፣ ኢፌሩዋን እና ቺሮዜሪን የሚባሉ ስድስት ዲፓርትመንቶችና 15 ኮሚዩኖች አሉት። ከመንግሥቱ መዋቅር ጎን ደግሞ የአይር ሱልጣን አለ፤ መንበሩ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚቆጠር ነው፣ ቤተ መንግሥቱም እስከ ዛሬ አጋዴዝ ከተማ ከትልቁ መስጊድ አጠገብ አለ። የመስጊዱ ሚናሬት ከጭቃ የተሠራ ሆኖ 27 ሜትር ይቆማል፤ የእንጨት ወጋግራዎቹ በየጎኑ ወጥተው ይታያሉ። የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል በ2013 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

አባ ካርታ፣ ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ይኸኛው ነው። የቢልማ ዲፓርትመንት ብቻውን ወደ 300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በ2012 የነበረው ሰው ግን ሃያ ሺህ አይሞላም። በሌላ በኩል አጋዴዝና አርሊት የሚባሉት ሁለት ከተሞች ኮሚዩኖች ብቻቸውን ከክልሉ አምስት ሰው ሁለቱን ያህል ይይዛሉ። አርብቶ አደር የሚባለው ክልል፣ ሕዝቡ በከተማ የተከማቸበት ክልል ነው!

ሰብለ ዘወለቴ፦
እንዴት ነው በከተማ የተከማቸው? ግመል ጠባቂ ምን ይሠራል ከተማ?

ጡረተኛው መምህር፦
ሦስት ነገሮች ገፉት። በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ጦርነት ነው። በታኅሣሥ 1916 ካዎሰን የሚባል የቱዋሬግ መሪ በፈረንሳይ ላይ ተነሥቶ አጋዴዝን ከበበ። ከበባው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1917 ፈረንሳዮች ሰብረው ገቡ። ከዚያ በኋላ የደረሰው ክፉ ነው፤ ብዙ ሰው ተገደለ፣ የሃይማኖት አዋቂዎች ሳይቀሩ። የአይር ተራሮች ነዋሪ ከቀዬው እንዲለቅ ተደርጎ ወደ ደቡብ ተነዳ፤ ወደ ናይጄሪያ የተሰደደውም ብዙ ነው። ስለዚህ በተራሮቹ ላይ የምናየውን መሳሳት ሁሉ በተፈጥሮ አታሳቡት። ሰው ነው ባዶ ያደረገው፤ ከፊሉ ተመልሷል፣ ከፊሉ በዚያው ቀርቷል።

ሁለተኛው ድርቅ ነው። ከ1968 እስከ 1974 የሳህልን አገሮች የመታው፣ ቀጥሎም በ1984 የተደገመው። የእኛን ወሎ እናስታውሳለን አይደል? ያው ዘመን ነው፣ ያው ሰማይ ነው። ከብቱ ያለቀበት እረኛ ድንኳኑን ከከተማ ዳር ተከለ፤ ድንኳኑ በጭቃ ቤት ተተካ፤ ልጆቹ የከተማ ሰው ሆነው ቀሩ። የሽንኩርት ማሳዎቹም የሰፉት በዚያው ጊዜ ነው፤ መንጋውን ያጣ ሰው መሬት መቆፈር ጀመረ።

ሦስተኛው ዩራኒየም ነው። ይህን የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይጻፍ።

ጉልላት፦
እኔ ልጻፍ መምህር፤ በማዕድን ነው የምተዳደረው። አርሊት ከተማ በ1969 ከምንም ተነሥታ የተመሠረተች ናት። ማዕድኑ በ1971 መውጣት ጀመረ፤ የማዕድን ሠራተኛ፣ የመካኒክ፣ የነጋዴ፣ የዳቦ ጋጋሪ ከተማ ሆነች። ከደቡብ ሃውሳው፣ ዛርማው፣ ከጎረቤት አገሮችም ሰው መጣ። ማዕድኑን ወደ ደቡብ ለማውጣት ከታሁዋ እስከ አርሊት አስፋልት ተዘረጋ፤ የዩራኒየም መንገድ ይሉታል። ለኤሌክትሪኩ ደግሞ ቺሮዜሪን አጠገብ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ የኃይል ማመንጫ ቆመ። የክልሉን የሕዝብ ካርታ ሥዕል የቀየረው ያ አንድ መስመር ነው፤ አስፋልቱን ተከትላችሁ ብትሄዱ ሰዉን አገኛችሁት።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ወገን ነው። አርሊት አጠገብ በአኩታ የነበረው የከርሰ ምድር ማዕድን በመጋቢት 2021 ተዘጋ፤ ማዕድኑ አልቆ። ስድስት መቶ ያህል ሠራተኛ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ደመወዝ ሥር ስንት አፍ እንዳለ የማዕድን ከተማ የኖረ ያውቀዋል። ከተማ ከማዕድን ጋር ተወልዶ ማዕድኑ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን እኔ ባለሁበትም ያስጨንቀኛል። ሶማይር የሚባለውን የቀረውን ትልቅ ኩባንያ መንግሥት በሰኔ 2025 ወርሼዋለሁ ብሏል። ከዚያ ውጭ በ2014 በሰሜን ጃዶ በተባለው ቦታ ወርቅ ተገኝቶ፣ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ሺህ በሺህ ሰው በረሃው መካከል ድንኳን ተክሎ ነበር። ይህንን የ2012 ቆጠራ ከየት ያውቀዋል?

ኪዳን ከመቐለ፦
ስለ ቢልማ ጨው አንድም ሰው አለማንሣቱ ገረመኝ። አያቴ የአርሆ ሰው ነበር፤ ከአሳሌ አሞሌ በግመል ጭኖ ወደ ደጋ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ስለ ቢልማ ሳነብ እንደ ቤተሰብ ታሪክ ነው ያነበብኩት።

የእኛዎቹ ጨዉን ከደረቀው ሐይቅ ላይ ፈልጠው፣ ጠርበው ነው የሚጭኑት። ቢልማዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ጨዋማው ውኃ እስኪተን ይጠብቃሉ። ከላይ የሚቀረው ንጹሑ ጨው ለሰው ነው። ለከብት የሚሆነውን በዘንባባ ግንድ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቀው እንደ ሾጣጣ ምሰሶ ያደርቁታል፤ "ካንቱ" ይባላል። የአይር ቱዋሬጎች ከደቡብ ማሽላ ጭነው ቴኔሬን ያቋርጣሉ፣ ቢልማ ላይ በጨውና በቴምር ለውጠው ይመለሳሉ፣ ጨዉን ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ እስካለችው ካኖ ድረስ ይሸጣሉ። በ1906 አንዱ ቅፍለት ብቻ 20,000 ግመል እንደነበረው ተጽፏል። ዛሬ ጭነት መኪናው አብዛኛውን ወስዶታል፤ በእኛም በኩል እንደዚያው ነው የሆነው።

መምህር "ከሥር የሚመጣ ውኃ" ያሉት ልክ ነው፤ ግን ካዋር ላይ ውኃው ቴምር እንጂ እህል አያበላም። ቢልማ ላይ ሰው የኖረው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ ማሽላ የሚያመጣለት ሌላ ሰው ስላለ ነው። ካርታው ላይ ከተማዋን ነጥብ አድርጋችሁ መንገዱን ብትተዉት ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

የቴኔሬን ዛፍ ታሪክም አያቴ ቢሰማው ባለቀሰ ነበር። ብቻዋን በዚያ ሁሉ አሸዋ መካከል የቆመች አንዲት ግራር ነበረች፤ አጠገቧ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሯ ከሠላሳ ሜትር በላይ ወርዶ ውኃ ላይ ደርሶ ተገኘ። ቅፍለቱ ሁሉ በእሷ ነበር አቅጣጫውን የሚያውቀው። በ1973 ጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት። ግንዷ ኒያሜ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ቦታው ላይ የብረት ዛፍ ቆሟል።

ኩርንችት፦
ኪዳን፣ ይህን ጽሑፍህን ለልጆቼ አነበብኩላቸው። አመሰግናለሁ።

የሰው ሃገር፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ። እኔ ኒጀርን የማውቀው በሌላ በኩል ነው። ከሊቢያ እስር ቤት በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት አውሮፕላን ወደ ኒያሜ ከወጡት ነኝ፤ በ2018። የመጀመሪያው በረራ በኅዳር 2017 ነበር፤ ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን 25 ሰዎች። ኒያሜ ውስጥ በተከራዩልን ቤት ስምንት ወር ቆይቼ ነው ወደ አውሮፓ የተሻገርኩት።

አንድ ነገር ላርም፤ ብዙ ሰው ሲያወራ እሰማለሁና። የእኛ ሰዎች በአጋዴዝ በኩል አይደለም ወደ ሊቢያ የሚሄዱት። የእኛ መንገድ በመተማ ሱዳን፣ ከዚያ በኩፍራ ነው። አጋዴዝ የምዕራብ አፍሪካዎቹ በር ነው፤ የናይጄሪያ፣ የጋምቢያ፣ የሴኔጋል፣ የጊኒ ልጆች በር። እነሱን ያገኘኋቸው ሊቢያ ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል ተኝተናል። ስለ አጋዴዝ ሲያወሩ የሚነግሩኝ በፒክአፕ ጀርባ ከሠላሳ ሰው ጋር ተጣብቀው፣ እንዳይወድቁ በእግራቸው መካከል ዱላ ይዘው፣ ጀሪካናቸውን በመኪናው ጎን አንጠልጥለው መሄዳቸውን ነው። በየሳምንቱ ከወታደር አጀብ ጋር ነበር የሚነሡት ይላሉ።

አባ ካርታ፣ ቁጥር ስለምትወድ ይህንን ልስጥህ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ወደ አልጄሪያ በሚያወጣው የአርሊት መንገድና ወደ ሊቢያ በሚያወጣው የሴጌዲን መንገድ ላይ ቆሞ በ2016 ኒጀርን ለቅቆ ወደ ሰሜን ሲያልፍ የቆጠረው ከ300,000 ሰው በላይ ነው። የክልሉ ነዋሪ በጠቅላላ ግማሽ ሚሊዮን አይሞላም ብለሃል። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለፈው እንግዳ ከባለቤቱ ጋር ሊተካከል ምን ቀረው?

በ2015 የወጣው ሕግ ስደተኛ ማጓጓዝን ወንጀል አደረገው። ሾፌሩ ታሰረ፣ መኪናው ተወረሰ። መንገዱ ግን አልቆመም፤ ሾፌሮቹ ከጉድጓዶቹና ከኬላዎቹ ርቀው በማያውቁት አሸዋ መሄድ ጀመሩ፣ ከዚያ በኋላ በውኃ ጥም የሞቱት ብዙ ናቸው። ሕጉ በኅዳር 2023 ተሽሯል። አብሮኝ የታሰረ አንድ ልጅ ወንድሙ እዚያ ቀርቷል። ካርታህን ነጭ አድርገህ ስትሰቅል ያ ልጅ ታሰበኝ፤ ለእሱ ነጭ አይደለም።

አባ ካርታ፦
የሰው ሃገር፣ ስለጻፍሽልን (ወይም ስለጻፍክልን፣ ይቅርታ) ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት።

የሰው ሃገር፦
ሴት ነኝ። ምንም አይደል ወንድሜ።

ማዕዶት፦
እኔ ቋንቋ ነው የማጠናው፤ ልጆቹ የሚወዱት ነገር ይህ ስለሆነ ልጨምር። የቱዋሬጎቹ ታማሼክ እና የሃውሳ ቋንቋ እንደ አማርኛ ሁሉ የአፍሮ-እስያ ቤተሰብ ናቸው። በጣም ሩቅ ዘመዶቻችን ናቸው ማለት ነው፤ ታማሼክ በበርበር ቅርንጫፍ፣ ሃውሳ በቻዲክ፣ እኛ በሴም። ቱዋሬጎቹ ደግሞ እንደ እኛ የራሳቸው ጥንታዊ ፊደል አላቸው፣ ቲፊናግ ይባላል። በካዋር በኩል የሚነገሩት የቱቡና የካኑሪ ቋንቋዎች ግን የናይሎ-ሰሃራ ናቸው። ኢንጋል ላይ የሚነገረው ታሳዋቅ ከኒጀር ወንዝ ዳር ከሚነገረው ከሶንጋይ ጋር ነው የሚዛመደው፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በረሃ መካከል እንዴት ቀረ ብትሉ የንግድ መንገዱን ተከትሎ ነው። በገበያ ሁሉም የሚግባባው በሃውሳ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ለማይሞላ ሰው ይህ ሁሉ ቋንቋ!

ቱዋሬጎቹ "አማን ኢማን" የሚሉት አባባል አላቸው፤ ውኃ ሕይወት ነው ማለት ነው።

አባ ካርታ፦
ወስኛለሁ። የአጋዴዝን ቀለም ፋቅኩት። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፤ ለሌሎቹ ክልሎችም ቢሆን ጊዜ ካገኘሁ እንደዚያው እሠራለሁ። መሬቱን በቀለም አልሞላም። ለእያንዳንዱ 5,000 ሰው አንድ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ወደ ዘጠና ሰባት ነጥብ ይወጣል። ሃያ ያህሉ አጋዴዝ ከተማ ላይ ይታጨቃል፣ አሥራ አምስት ያህሉ አርሊት፣ የቀረው በአይር ሸለቆዎችና በምዕራቡ ሜዳ። ካዋር ላይ ሦስት ወይም አራት። የኢንጋሉን ነጥብ በክፍት ክብ ነው የምሠራው፣ በመስከረም የሚሞላ መሆኑን በግርጌ ጽፌ። ከዚያ መስመሮቹ ይመጣሉ፤ የጨው መንገዱ ከአይር ወደ ቢልማ በቡናማ፣ የዩራኒየም አስፋልቱ በጥቁር፣ ወደ ሊቢያና ወደ አልጄሪያ የሚወጡት በቀይ። የቀዩን ውፍረት ከሌሎቹ አበልጠዋለሁ።

መምህር፣ ይኼ ከደንቡ አይወጣም?

ጡረተኛው መምህር፦
አይወጣም። ነጥብ የምታደርግ ከሆነ ግን አስቀድመህ ጉድጓዶቹንና ምንጮቹን በሰማያዊ እርሳስ በስሱ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ የሰዉን ነጥብ ከላያቸው ላይ አስቀምጥ። ቴኔሬን ባዶ ተወው። የዛፏን ቦታ ግን አትርሳ።

ኪዳን ከመቐለ፦
ሲያልቅ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው እባክህ።